«ቁልፍ» አሉን፤ የበር ነው የሸሚዝ? (የ48 ሰዓቱ የአጭር ስክሪፕት ውድድር ላይ የነበራችሁ ግቡ)

የከዚራ ጥላ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ሁለት ቀን ሙሉ በቡና ነው የቆምኩት። በቡና ብቻ! የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ሌላ ነገር እንዳታስቡ።

ኢንተርኔት ላይ የተካሄደው የአጭር ፊልም ስክሪፕት ውድድር ላይ ገብቼ ነበር። ለማታውቁት፦ ዓርብ ማታ ሦስት ነገር ይሰጡሃል። ዘውግ፣ ቦታ፣ ዕቃ። ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ ከአምስት ገጽ ያልበለጠ ስክሪፕት ጽፈህ በፒዲኤፍ ትልካለህ። ታሪኩ በዋናነት እዚያ ቦታ ላይ መካሄድ አለበት። ዕቃው ደግሞ በዓይን መታየት አለበት፤ በወሬ መነሣቱ አይበቃም። ለእኛ ምድብ የደረሰን ድራማ፣ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ቁልፍ ነው።

ልብስ ሰፊ ቤት ሲሉኝ ወዲያው የመጣልኝ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። ሌላም ቁልፍ አለ ብዬ ለአፍታ አላሰብኩም። ልኬ ከጨረስኩ በኋላ አብሮኝ ለገባው ጓደኛዬ ደወልኩ። እሱ የጻፈው ስለ ካዝና ቁልፍ ነው። ሁለታችንም ስልኩ ላይ ዝም አልን።

ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ገጽ ላይ ሦስት ሰዓት አፍጥጬ ምንም ሲጠፋ ተነሥቼ ሐረር ሄድኩ። አውቃለሁ፣ ድሬም ልብስ ሰፊ ሞልቷል። ግን እንደ መኪና ግርግር፣ እንደ ሐረሩ የሰፊዎች መንገድ ያለ የለም። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ሙቀቱ ከላይህ ላይ እየተገፈፈ ሲሄድ ይታወቅሃል፤ ጭንቅላቴም ያኔ ነው የተከፈተው። ጀጎል ገብቼ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ወረድኩ። ግራና ቀኝ ሲንጀሩ ያጓራል። አንድ ሽማግሌ ሰፊ «ፎቶ አታንሣ እንጂ ተቀመጥ» ብለው ዱካ ሰጡኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ቁልፎቻቸውን የሚያስቀምጡት በሐላዋ ጣሳ ነው። አንዲት ሴት ቁልፍ የጎደለው የልጇን የተማሪ ሸሚዝ ይዛ መጣች። ሽማግሌው ጣሳው ውስጥ እጃቸውን ከተው አልፈለጉም። ጭናቸው ላይ ጨርቅ ዘረጉና ሁሉንም ገለበጡት። ሻ… አለ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። በመዳፋቸው ገፋ፣ ገፋ አደረጉና አንዷን ነጭ አወጡ። ክሩን በምራቃቸው አርጥበው በአንድ ሙከራ መርፌው ውስጥ አስገቡት። መነጽር እንኳ የላቸውም።

ታሪኬ በአጭሩ፦ አንድ ልጅ የሞተ አባቱን ኮት ሊያስጠብብ ይመጣል። ከአምስቱ ቁልፎች አንዷ ትለያለች፣ በቀይ ክር ነው የተሰፋችው። ሰፊው ሲያዩዋት የራሳቸው ስፌት መሆኑን ያውቃሉ። ስለ አባትየው ይነግሩታል። ፍላሽባክ (ወደ ኋላ ምልሰት)፣ ለገሀር ጣቢያ፣ ባቡር፣ መለያየት። ተመልሰን እንመጣለን። ልጁ ያለቅሳል። አምስት ገጽ ሙሉ።

እንዴት ነው? ሳታዝኑልኝ ንገሩኝ።

---

ዋራባ በሌሊት · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡24

አቦ እንኳን ደህና ጨረስክ! መጨረስ ራሱ ቀላል አይደለም። ባለፈው ውድድር ስንቱ ተመዝግቦ ስንቱ እንደላከ አይተናል።

እኔ የበር ቁልፍ ነው የጻፍኩት። የሐረር ልጅ ነኝ፤ ቁልፍ ሲሉኝ በር ነው የሚታየኝ። አምስት የጥንት በር ያለው ግንብ ውስጥ አድገህ ሌላ ምን ይታይሃል? ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን አዲስ በተቆረጠ ቀሚስ እጥፋት ውስጥ ሰፍቶት ይረሳዋል። ቀሚሱ ተሸጦ ሄዷል። አስቂኝ ነው፣ የተባልነው ግን ድራማ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው አስለቀስኩና ድራማ አደረግኩት።

ያንተን በተመለከተ ልንገርህ፣ እንዳትቀየም። የጣሳው ነገር ወርቅ ነው። እኔ እዚያ መንገድ ላይ በየቀኑ እያለፍኩ አላየሁትም። ግን ለእኛ የነገርከንን «ሻ» ስክሪፕቱ ውስጥ ከተትከው ወይ? በነገርከን ማጠቃለያ ውስጥ የለም። ያለው ለቅሶና ባቡር ነው።

---

የከዚራ ጥላ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡29

…አልከተትኩትም። ቦታ አልበቃኝም። ፍላሽባኩ ሁለት ገጽ በላ።

---

አሸዋ ሜዳ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡41

ቆይ ቆይ። «ልኬ ከጨረስኩ በኋላ» ማለት ምን ማለት ነው? ተዘግቷል እንዴ? እኔ ገና ገጽ አራት ላይ ነኝ!!!

---

ለገሀር ማዶ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡50

ወንድሜ አሸዋ፣ አዝናለሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው የተዘጋው።

ማስታወቂያው «እሑድ 12 ሰዓት» ነው ያለው። የማን 12 እንደሆነ አልጻፉም። አዘጋጆቹ አሜሪካ ምሥራቁ በኩል ያሉ ልጆች ናቸው። አሁን በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። የእነሱ የቀን 12 ማለት የእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እኛ ጋ ሦስት ዓይነት ሰው ተፈጠረ። አንዱ በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 12 መስሎት ንጋት ላይ ዓይኑ ቀልቶ ላከ። ሁለተኛው የማታው 12 መስሎት ላከ፣ አንድ ሰዓት እንደተረፈው እንኳ አያውቅም። ሦስተኛው እኩለ ሌሊት ነው ብሎ አሁንም እየጻፈ ነው። ሦስተኛው አንተ ነህ።

ፍንጩ ዓርብ ነበር። «12 ሰዓት ይለቀቃል» ብለው ርዕሱ የመጣው 1 ሰዓት ላይ ነው። እኔ ኔትወርክ ነው ብዬ አለፍኩት።

---

አሸዋ ሜዳ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡53

ወላሂ ስልኬን ልወረውረው ነው።

---

ዋራባ በሌሊት · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡55

አብሽር። ጨርሰውና እዚህ ለጥፈው፤ እኛ እንዳኝሃለን። እኛ ጋ ሰዓት የለም።

---

ባለ ነጥቧ · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡20

የሁላችሁንም ፒዲኤፍ አይቻለሁ (ለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ)፣ ቅርጹ ግን ያሳዝናል። አንዳንዱ በዎርድ ስፔስ እየመታ ነው የካራክተሩን ስም መሀል ያመጣው። እንደዚያ አትሠቃዩ።

እኔ የምጠቀመው ፋውንቴን የሚባለውን አጻጻፍ ነው። ተራ ጽሑፍ ነው፣ ስልክ ላይም ይሠራል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ስክሪፕት ቅርጽ ይቀይረዋል። ችግሩ ለእንግሊዝኛ የተሠራ መሆኑ ነው። የካራክተር ስም የሚለየው ሙሉውን በትልቅ ፊደል ሲጻፍ ነው። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም! ስለዚህ «ሰፊው» ብለህ ስትጽፍ ፕሮግራሙ ተራ ድርጊት ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከካራክተሩ ስም በፊት @ አድርግ፦ @ሰፊው። ከስሙ በላይ አንድ ባዶ መስመር ተው፤ ከሥሩ ንግግሩን ሳትዘል ቀጥል። የትዕይንት አርዕስት ከሆነ መጀመሪያው ላይ አንዲት ነጥብ፦ .ውስጥ፣ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ቀን። አለቀ። ስሜ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

ሁለተኛው ነገር ገጽ ነው። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ኩሪየር በሚባለው ፊደል፣ በ12 ነጥብ ተጽፎ ነው። የዚያ ፊደል እያንዳንዷ ሆሄ እኩል ቦታ ትይዛለች፤ ልኩ የሚሠራው ለዚህ ነው። ኩሪየር ውስጥ ግን ግዕዝ የለም። ኮምፒውተሩ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፊደል ወይም ሌላ ያገኘውን ይተካበታል፣ ልኩም እዚያው ይፈርሳል። በዚያ ላይ የእኛ አንድ ፊደል አንድ ቀለም ነው። «አልመጣሁም» በግዕዝ ስድስት ፊደል ነው፣ በላቲን ብትጽፈው ዘጠኝ ይሆናል። ስለዚህ አምስት ገጽ አማርኛ አምስት ደቂቃ አይደለም። የከዚራን ስክሪፕት ጮክ ብዬ አንብቤ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ፍላሽባኩን ጨምሮ 8 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

---

የሳቢያን መምህርት · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡48

ከዚራ፣ እኔም አንብቤዋለሁ። ልጄ ስላልተኛ ቶሎ ቶሎ ልበል።

አንደኛ፣ የሞተ አባት። ከዚህ ምድብ ስድስት ስክሪፕት አንብቤ አራቱ ላይ አባት ሞቷል፤ አንዱ ላይ እናት። ድራማ ሲባል ወደ ለቅሶ ቤት የምንሮጠው ለምንድን ነው? አትግደል አላልኩም። ግን አባቱ መሞቱን ሦስት ጊዜ ነው የነገርከን። ኮቱ ትልቅ ሆኖ ልጁ ላይ ሲንጠለጠል እኮ ገብቶናል።

ሁለተኛ፣ ገጽ 2 ላይ «የአባቱን ድምፅ ያስታውሳል» ብለሃል። ካሜራው ይህን እንዴት ያያል? የማይታይና የማይሰማ ነገር ስክሪፕት ላይ አይጻፍም። ለልብ ወለድ አስቀምጠው።

ሦስተኛ የግስ ጉዳይ። ስክሪፕት በአሁን ጊዜ ነው የሚጻፈው፣ እሺ። ግን «ሽማግሌው ይገባቸዋል» ብለህ ጽፈህ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምንድን ነው የሚገባቸው? ደመወዝ? ጡረታ? ነገሩ ተገለጠላቸው ለማለት ነው ለካ። «ሽማግሌው እጃቸው ይቆማል» ብትል እኮ ሁላችንም ይገባን ነበር። (አየህ፣ እኔም አልኩት።)

ንግግርህ ደግሞ ረዝሟል። ሰፊው ገጽ 3 ላይ አሥራ አንድ መስመር ሳያቋርጡ ያወራሉ። አፋቸው ውስጥ መርፌ ይዘው የሚሠሩ ሰው ናቸው እኮ!

---

የከዚራ ጥላ · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡55

መምህርት፣ አፋቸው ውስጥ መርፌ መያዛቸውን ራሴ አይቻለሁ። አይቼ ነው አሥራ አንድ መስመር ያናገርኳቸው። ምን ነክቶኝ ነው?

---

ነምበር ዋን · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ሌላ ጥያቄ ልጨምር። በእኔ ስክሪፕት ደንበኛዋ ሶማልኛ፣ ሰፊው ኦሮምኛ፣ ተላላኪው ልጅ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ድሬ እንደዚህ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱም ይገባሉ። በአምስት ገጽ እንዴት ነው የሚጻፈው? ሁሉንም አማርኛ ባደርገው ውሸት ሆነብኝ።

---

ባለ ነጥቧ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ተመልካቹ እንዲገባው ከፈለግህ ንግግሩን በአማርኛ ጻፍና ከስሙ ሥር በቅንፍ (በሶማልኛ) በል። ፊልሙ ላይ ጽሑፍ ይወጣለታል። ተመልካቹ እንዳይገባው ከፈለግህ ግን የተባለውን ቃል ራሱን ጻፈው። ለምሳሌ ተላላኪው ልጅ ሳይገባው በሁለቱ መሀል ሲንከራተት ልታሳይ ከሆነ። ኦሮምኛው ላይ ደግሞ ለተዋናዩ በቁቤ ቢሆን ይቀለዋል፤ የሚጠብቀውና የሚላላው በግዕዝ አይለይም። በአማርኛም ያው ነን። «አለ» ብለህ ጻፍክ፤ ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ተዋናዩ ይደውልልሃል።

---

የሳቢያን መምህርት · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡58

ነምበር ዋን፣ አንድ ልመና ብቻ። በየመስመሩ «አቦ» አትክተት። ቆጥሬዋለሁ፣ 23 ነው። እኛ እንኳ ይህን ያህል አንልም።

---

ነምበር ዋን · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡01

አቦ እናንተ ደግሞ…

---

ሸመንደፈር ጡረታ · ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡30

ልጆች፣ እኔ አልተወዳደርኩም። የልጄ ልጅ ነው ይህን ያስነበበኝ። ዕድሜዬን በባቡሩ ድርጅት አቴልዬ (የጥገና ክፍል) ውስጥ ነው የፈጀሁት። ስለ ቋንቋ ያነሣኸው ልጅ ልክ ነህ። የድርጅቱ ወረቀት በፈረንሳይኛ፣ ስድቡ በአማርኛ፣ ቀልዱ በኦሮምኛና በሶማልኛ ነበር። ማንም ግር ብሎት አያውቅም።

ለከዚራ ጥላ፦ ፍላሽባክ ባልከው ቦታ ባቡሩ «ጩኸቱን እያሰማ በጢስ ውስጥ ይጠፋል» ብለሃል። ልጁ 25 ዓመቱ ነው ካልክ አባቱ በጢስ ባቡር ሊሄድ አይችልም። እሱ የአያቱ ዘመን ነው። በእኛ ጊዜ በናፍጣ ነበር፣ አውቶራይ የምንለው ባለ ሞተር የመንገደኛ ፉርጎም ነበረ። የአሁኑ አዲሱ ባቡር ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው፤ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ብሎ ነው እንጂ ለገሀር አይደለም። ከተማችን በ1895 የበቀለችው ከዚሁ ሐዲድ ነውና ባቡሩ ላይ ባትሳሳትብን ደስ ይለኛል።

ኮቱን ግን ወድጄዋለሁ። የሥራ ኮት ቁልፉ ቶሎ ይበጠሳል። ባለቤቴ ያገኘችውን ነበር የምትሰፋልኝ፣ ቀለሙ ገጠመ አልገጠመ ግድ የላትም።

---

የከዚራ ጥላ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ጢሱ አፈርኩ። እኔ ባቡር ሲባል ጢስ ነው የሚታየኝ፤ ከፊልም የለመድኩት ነው መሰለኝ። ድሬ ተወልጄ!

የባለቤትዎ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ ያቺን ቁልፍ ሰፊው እንዲሰፏት ያደረግኩት ታሪኩ እንዲገጥምልኝ ነው። ለምን ገጠመ? እናቱ ብትሰፋትስ? ማንም ባይናገረውስ?

ውድድሩ አልፏል፣ ግን እንደገና ጻፍኩት። ፍላሽባክ የለም፣ ባቡር የለም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ልለጥፍ።

.ውስጥ፣ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ከሰዓት

ሽማግሌው ሰፊ (70) ኮቱን ወደ በሩ ብርሃን ያነሡታል። አምስት ቁልፍ። አራቱ ጥቁር። ሦስተኛዋ ቡናማ፣ በቀይ ክር።

@ልጁ
ይቺ ትቀየር። አንድ ዓይነት ይሁን።

ሽማግሌው በመቀስ ጫፍ ቀዩን ክር ይቆርጣሉ። ቡናማዋ ቁልፍ የሐላዋ ጣሳ ውስጥ ትወድቃለች።

(እዚህ መሀል ሁለት ገጽ ተኩል አለ፤ ልኬት፣ የዋጋ ክርክር፣ ሻይ። ልጁ ከፍሎ ይሄዳል።)

.ውስጥ፣ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ወደ ማታ

ሽማግሌው ሲንጀሩን ይሸፍናሉ። ልጁ በሩ ላይ ቆሟል። ኮቱን ለብሷል። ጣቱ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ነው።

@ልጁ
ያቺ የቅድሟ…

ሽማግሌው ያዩታል። መርፌውን ከአፋቸው ያወጣሉ። ጭናቸው ላይ ጨርቅ ዘርግተው ጣሳውን ይገለብጣሉ። ሻ… መቶ ቡናማ ቁልፍ። ልጁ መሬት ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም በመዳፋቸው መግፋት ይጀምራሉ።

ጨለመ።

---

ዋራባ በሌሊት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

አሁን ገና ሻ አለ።

---

የሳቢያን መምህርት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

«ሁለቱም መግፋት ይጀምራሉ።» እዚያ ላይ ቆምኩ። ይኸው ነው። የዋጋ ክርክሩን ትንሽ አሳጥረው። ሻዩን ተወው፣ ጥሩ ነው።

---

ለገሀር ማዶ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ

ውጤት ወጥቷል። ከእኛ ውስጥ ዋራባ ብቻ ወደ ሁለተኛው ዙር አልፏል። የዳኞች አስተያየት ለየሰው በኢሜይል ተልኳል። ሁለተኛው ዙር 24 ሰዓት ነው፣ ሦስት ገጽ። ሰዓቱን ጠይቄያቸው አሁን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈውታል።

---

የከዚራ ጥላ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡15

እንኳን ደስ ያለህ ዋራባ! ይገባሃል። (መምህርት፣ በየትኛው ትርጉም እንደሆነ ግልጽ ነው።)

የእኔን አስተያየት ስሙ። አንደኛው ዳኛ ስሜት አለው፣ ንግግር ይበዛዋል ብሏል። ትክክል። ሁለተኛው ሌላ ምንም አላለም፤ አንድ መስመር ብቻ፦ «የተሰጠው ዕቃ በስክሪፕቱ ውስጥ አልታየም። ቁልፉ የት አለ?»

አምስት ገጽ ሙሉ ስለ ቁልፍ ጽፌ!!! ጻፍኩላቸው። አዘጋጆቹ ይቅርታ ጠይቀው ሁለቱም ቁልፍ ይቆጠራል ብለዋል፤ ነጥቡ ግን ከተዘጋ በኋላ አይከፈትም አሉ። በየትኛው ቁልፍ እንደተዘጋ አልጠየቅኩም።

---

አሸዋ ሜዳ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡22

ሃሃሃሃ። እኔ ቢያንስ በሰዓት ነው የወደቅኩት።

---

ዋራባ በሌሊት · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡40

ከዚራ፣ አዲሱን ቅጂህን ለዚያ ሽማግሌ ሰፊ ላንብብላቸው? ሱቃቸው ለቤታችን ቅርብ ነው። ከፈቀዱ በስልክ እንቅረጸው። ጣሳው አለ፣ ብርሃኑም ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ጥሩ ነው።

---

የከዚራ ጥላ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡43

ሐሙስ እመጣለሁ። ፎቶ አታንሣ ብለውኛል ግን፤ ቪዲዮ ሲሰሙ ዱካውን እንዳይወረውሩብን።

---

ሸመንደፈር ጡረታ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡05

አዲሱን ትናንት ማታ ለባለቤቴ አነበብኩላት። አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላኛለች። ልጁ ቁልፏን አገኛት?

---

የከዚራ ጥላ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡30

አላውቅም ጋሼ። ገጹ አለቀብኝ።